ምጣድ የምትጠግነው ልጅ ምን ትማር?

«ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፣

ዕድሜዬ 23 ነው። ተወልጄ ያደግሁት ቀበና ሲሆን አሁን አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ካሸር ነኝ። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት አንዷ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወስደው ፈተኑን፤ ውጤቱ ሲመጣ ግማሹ አልሞላልኝም፣ ሪሚዲያልም አልደረሰኝም። ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ቤዚክ ኮምፒውተር፣ ፒችትሪ፣ ስፖክን እንግሊሽና ባሪስታ ተምሬ አራት ሰርተፊኬት አለኝ። አንዱም ሥራ አላስገኘልኝም፤ ካፌውም የገባሁት በሰው ነው። አሁን የ40 ሺህ ብር እቁብ ወጥቶልኛል። እናቴ ፀጉር ሥራ ተምረሽ ከአክስትሽ ጋር ሳሎን ክፈቺ ትለኛለች። ጓደኛዬ ጀርመንኛ ተመዝግባለች፤ በስድስት ወር ጀርመን እንገባለን ትላለች። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ሳለሁ የምወደው ፊዚክስ ነበር። ሰፈር ውስጥ ምጣድ ሲበላሽ የሚጠሩት እኔን ነው። አንዴ ኤሌክትሪክ መትቶ ወርውሮኛል፣ ግን አልተውኩም። ሦስቱንም ጎን ለጎን ብማርስ? ምክርዎን እጠብቃለሁ።

ሦስት ደጅ ላይ የቆምኩት፣ ከቀበና»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ለዓምዱ ሳሳጥረው ብዙውን የቀነስኩት ስለ ምጣድ ከጻፍሽው ነው። ለፀጉር ሥራው ሁለት መስመር፣ ለጀርመኑ ሦስት መስመር ሰጥተሽ፣ ለምጣዱ ግን አንድ ገጽ ከሩብ ጽፈሻል። የጎረቤትሽ ምጣድ ጭራሽ አልግል ሲላት ሽቦው የት ላይ እንደተበጠሰ እንዴት እንዳገኘሽ በሥዕል ጭምር አስረድተሽኛል። ምክሬን የምሰጥሽ ያንን ገጽ ይዤ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ከጫንቃሽ ይውረድልሽ። «ግማሹ አልሞላልኝም» ያልሽው እንደ በደለኛ ሰው አንገትሽን ደፍተሽ ይመስላል። በዚያ ዓመት ለፈተና ከተቀመጠው 900 ሺህ ከሚጠጋ ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 30 ሺህ ያህሉ ነው፤ በመቶኛ 3.3። ይህን ያህል ተማሪ የወደቀበትን ፈተና የአንቺ የብቻሽ ጉድለት አድርገሽ አትያዢው። ይህን የምልሽ ለማጽናናት ብቻ እንዳይመስልሽ። ለብዙ ዓመታት የማታ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፤ ኃፍረት ይዞት የሚመጣ ሰው የሚመርጠው ሁልጊዜ ቶሎ ወረቀት የሚሰጠውን ትምህርት ነው። ለዘመድ አዝማድ የሚያሳየው ነገር ይፈልጋላ! ያንቺም አራት ሰርተፊኬቶች ከዚያ የመጡ ይመስለኛል። ረጅሙ ሦስት ወር የፈጀ ነው።

ሰርተፊኬቶቹ ከንቱ ናቸው አልልም። ስፖክን እንግሊሹ ወደ በኋላ ይጠቅምሻል፣ እመለስበታለሁ። የጎደላቸው ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ያስተማረሽም፣ የፈተነሽም፣ ወረቀቱን ፈርሞ የሰጠሽም ያው አንድ ቤት ነው። ቀጣሪ «ማን መዘናት?» ብሎ ቢጠይቅ ወረቀቱ መልስ የለውም።

እኔም ይህን ዋጋ ከፍዬ ነው የተረዳሁት። ትምህርት እንደጨረስኩ መሀል ከተማ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ማሠልጠኛ ገብቼ ለስድስት ወር የጽሕፈትና የቢሮ ሥራ ተማርኩ። ገንዘቡን እናቴ የጆሮ ወርቋን አስይዛ ነበር ያመጣችው። ሥራ ላመለክት ስሄድ መዝገብ ቤት የተቀመጡት ሴትዮ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ቤት ፈቃድ አለው?» አሉኝ። ጠይቄ አላውቅም። በነጋታው ወደ ማሠልጠኛው ስመለስ በሩ ላይ የሌላ ድርጅት ታፔላ ተሰቅሎ አገኘሁ። የእናቴን ወርቅ ለማስመለስ ከዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ባንቺ 40 ሺህ ብር ላይ ቁጥብ ብሆን አትቀየሚኝ።

በቴክኒክና ሙያ በኩል የሚያስተምረው አንዱ፣ የሚመዝነው ሌላው ነው። ሥልጠናው ከደረጃ 1 ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አንዱን ደረጃ ስትጨርሺ እኛ ሲኦሲ የምንለውን የሙያ ብቃት ምዘና ትወስጃለሽ። የጽሑፍም የተግባርም አለው። ውጤቱ ደግሞ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ነው። «ገና» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ፤ ያልተሳካለት ሰው ተዘጋጅቶ ድጋሚ ይቀርባል ማለት ናት። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ ምዘናው ኮሌጅ ገብቶ ለተማረ ብቻ የተከለለ አይደለም፤ በሥራ ላይ የለመደ ሰውም አመልክቶ ሊመዘን ይችላል። አንቺ ግን አሁኑኑ ሄደሽ ተመዘኚ አልልሽም። ኤሌክትሪክ የወረወረሽ ቀን ያልተማርሽው ነገር እንዳለ ነግሮሻል።

እንግዲህ ምርጫዬ ይኸው፤ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ተከላ ወይም ከዚያ የሚቀርብ የኤሌክትሪክ ሙያ ተማሪ፣ ደረጃ በደረጃ ውጪ እንጂ ቶሎ አታቋርጪ። ሙያ ብገባ ፊዚክስን ጥዬ መሄዴ ነው የሚል ስጋት በደብዳቤሽ ውስጥ አይቻለሁ። እስቲ ቤታችሁ ያለውን ምጣድ እንውሰድ። 3,500 ዋት የሚስብ ነው እንበል። ይህን ለ220 ቮልት ስታካፍዪው 16 አምፒር ገደማ ይመጣል። ለመብራት ተብሎ በተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ ይህን ያህል ጭነሽ እንጀራ ስትጋግሪ ብታረፍጂ ሽቦው ይግላል። ሙቀቱ ደግሞ የሚያድገው በአምፒሩ ካሬ ነው፤ አምፒሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሶኬቱ ውስጥ ያለው ቡሎን ላላ ያለ ከሆነ እዚያች ነጥብ ላይ ያለው ሬዚስታንስ ስለሚጨምር መጀመሪያ የሚጠቁረውና የሚቀልጠው ሶኬቱ ነው። በየቤቱ የምታዪው የተቃጠለ የምጣድ ሶኬት ታሪኩ ይህ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የተማርሽው የኤሌክትሪክ ሕግ እጅሽ ላይ ሲሠራ የምታዪው እዚህ ነው።

የወረወረሽስ ነገር? እንደገመትኩት ሽቦው የምጣዱን ቆርቆሮ ነክቶ ቆርቆሮው ኤሌክትሪክ ይዞ ነበር፤ ወደ መሬት የሚወስደው የመሬት ሽቦ ስላልነበረ በአንቺ በኩል አለፈ። የመሬት ሽቦ በትክክል የታሰረለት ምጣድ ቢሆን ብሬከሩ ይወርድ ነበር። ከዚያም በላይ 30 ሚሊአምፒር የምታህል ፍሰት ከመንገዷ ስታመልጥ በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከር አለ፤ ስንት የከተማችን ቤት ውስጥ ቢገባ ስንት ሰው በዳነ! ይህን የምታስገባ ባለሙያ ለመሆን መማር፣ ለእኔ፣ ሳይንስ ከመማር አያንስም።

የት የሚለውን ሄደሽ በዓይንሽ አይተሽ ነው መወሰን ያለብሽ። ለአንቺ ከሚቀርቡት የመንግሥት ኮሌጆች በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው ተግባረ ዕድ ሜክሲኮ አጠገብ ነው፤ የቀላል ባቡሩ ፌርማታ እንኳ በስሙ ይጠራል። እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክና ጄኔራል ዊንጌትም አሉ። የመግቢያ መቁረጫ ነጥብ በየዓመቱ ስለሚወጣ ባለፈው ዓመት የሰማሽውን ይዘሽ ተስፋ አትቁረጪ። የፈተና ውጤትሽን ኮፒ ይዘሽ ሬጂስትራር ቢሮ ግቢና በዘንድሮው መስፈርት በየትኛው ደረጃ መግባት እንደምትችዪ፣ የኤሌክትሪክ ሙያው በማታም ይሰጥ እንደሆነ፣ የትብብር ሥልጠናውን የት ወጥታችሁ እንደምትሠሩ ጠይቂ። ባለፈው ዓመት ለሲኦሲ ስንት ሰው ቀርቦ ስንቱ ብቁ እንደተባለም ሳታፍሪ ጠይቂ። ጥያቄው ሲያናድዳቸው ካየሽ እሱም መልስ ነው።

የግል ኮሌጅ ከመረጥሽ ደግሞ ፈቃዱን አሳዩኝ በይ። የኮሌጁ ስም መኖሩ አይበቃሽም፤ አንቺ የምትማሪው ሙያና የምትማሪው ደረጃ እውቅና ያገኘ መሆኑን ቁጭ ብለሽ አንብቢ፣ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑንም እዪ። የሚኖርብኝን ሁሉ ባንዴ ልክፈልና ቅናሽ አድርጉልኝ እንዳትዪ። በየተርሙ ክፈዪ፣ ደረሰኝ ተቀበዪ።

ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ወርክሾፑን ማየት እፈልጋለሁ በያቸው። ቦርዱ ላይ ተጣምሞ የተቆረጠ ሽቦ፣ ወለሉ ላይ የተላጠ ፕላስቲክ፣ እጀታው ያለቀ ካቻቢቴ ካየሽ ሰው ይሠራበታል ማለት ነው። መሣሪያው ሁሉ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ካየሽ ግን፣ ተማሪው መቼ እንደሚነካው ጠይቂ። አንድ መስሪያ ጠረጴዛ ላይ ስንት ሰው እንደሚቆምም ቁጠሪ፤ አሥራ አምስት ሰው አንድ ብሬከር ከቦ ከቆመ የኋለኞቹ የሚማሩት የፊተኞቹን ጀርባ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ብዙ ሴት ላታገኚ ትችያለሽ። ይህን የምነግርሽ ሳታስቢው እንዳያገኝሽ ብዬ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፒንሳውን ከእጅሽ ተቀብሎ «እኔ ልሥራልሽ» የሚል ደግ ወንድም አይጠፋም። በደንብ አመስግነሽ ፒንሳሽን መልሰሽ ያዢ። የተግባር ምዘናው ላይ እሱ አብሮሽ አይቆምም። ወደፊት ደግሞ ይህ ነገር ለአንቺ ጥቅም እንደሚሆን አምናለሁ፤ ቀን ቀን ብቻዋን ቤት የምትውል ሴት ሽቦ የሚጠግን ሰው ስትፈልግ የማታውቀውን ወንድ ከማስገባት አንቺን ብትጠራ ምን ያህል ቀለል እንደሚላት የሰፈርሽ ሴቶች አስቀድመው አሳይተውሻል።

ጀርመንኛውን አንስተን እንነጋገር፤ በዚህ ጉዳይ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ብዙ ነውና ረዘም አደርገዋለሁ። ጓደኛሽ የምታስበው አውስቢልዱንግ የሚሉትን፣ እየሠሩና ደሞዝ እየተከፈላቸው ሙያ የሚማሩበትን መንገድ ይመስለኛል። እውነተኛ መንገድ ነው፣ ከዚህ ሄደው የተሳካላቸው አሉ። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ቋንቋ ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ነው። ጀርመንኛ የሚያስተምረው የጎተ ኢንስቲትዩት ለዚያ ደረጃ የሚሰጠው ግምት ከ350 እስከ 650 የሚደርስ የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ነው። ከሥራ በኋላ በሳምንት ስምንት ክፍለ ጊዜ ብትማሪ ከ44 እስከ 81 ሳምንት ይሆናል፤ ያውም ምንም ሳትቀሪ። ስድስት ወር የሚል ሰው ወይ አላሰላም፣ ወይ ከአንቺ ገንዘብ የሚፈልግ ደላላ ነው። ለጓደኛሽ ይህን ስሌት አሳዪያት፤ ትምህርቱን እንድትተው አይደለም፣ በሰባተኛው ወር ተስፋ እንዳትቆርጥና ለደላላ ገንዘብ እንዳትሰጥ ነው።

ለአንቺ ደግሞ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ጀርመን ውስጥ በዚህ መንገድ ከሚማሩት ሙያዎች አንዱ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። እጅሽ ላይ ሙያ ኖሮ ቋንቋ ብትጨምሪ የምትነጋገሪበት ነገር ይዘሽ ትሄጃለሽ። ቋንቋ ብቻ ይዘሽ ቪዛው ባይሳካ ግን አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ጀርመንኛ የምትናገር ካሸር ሆነሽ ትቀሪያለሽ፣ ይህንን አልመኝልሽም። ጎተም ሆነ ፒያሳ ያለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1907 ጀምሮ የቆየው የፈረንሳይኛ ማስተማሪያው አሊያንስ ከሁለት ዓመት በኋላም እዚያው ይጠብቁሻል። እስከዚያ የሚያስፈልግሽ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። የብሬከሩ ጎን ላይ የተጻፈው፣ የሞጁሉ ቋንቋ፣ ከመሣሪያው ካርቶን የሚወጣው መመሪያ በእንግሊዝኛ ነው። ስፖክን የተማርሽው እዚህ ይመጣል። አሁን ንግግሩን ትተሽ ማንበቡን ተለማመጂ፤ በቀን አንድ ገጽ መመሪያ።

ፀጉር ሥራ ጥሩ ሙያ ነው፤ እሱም ደረጃ አለው፣ ሲኦሲም ይመዘናል። ከአክስት ጋር መሥራትም ቀላል ዕድል አይደለም። አንቺ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፍሽለት፣ እኔም ከዚያ አላልፍም። እናትሽን ግን አታስቀይሚ። እሳቸው የሚፈሩት ልጃቸው አምስተኛ ሰርተፊኬት ይዛ ቤት እንዳትቀመጥ ነው፤ በዚህ ደግሞ ትክክል ናቸው። ኮሌጁን ልታዪ ስትሄጂ አብረሻቸው ሂጂ። ወርክሾፑን ያስጎብኙአቸው፣ አሠልጣኙን ራሳቸው ይጠይቁ። አይተው የተመለሱትን ነገር ከአንቺ በላይ ለአክስትሽ የሚያስረዱት እሳቸው ይሆናሉ።

ሦስቱንም ጎን ለጎን ያልሽውን አልደግፍም። ቀንሽን ቁጠሪው። ሥራ የምትገቢው ጠዋት 12 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ሌሊት 10፡30 ላይ ተነስተሻል። 8 ሰዓት ትወጫለሽ። የማታ ትምህርት 11፡30 ተጀምሮ 2፡30 ቢያልቅ፣ ታክሲ ተሰልፈሽ ቀበና ስትደርሺ ከ3 ሰዓት ያልፋል። እንዲህ ባለ ቀን ላይ ሌላ ትምህርት ስትደርቢ መጀመሪያ የምትሰርቂው ከእንቅልፍሽ ነው። ተማሪዎቼ የሚያቋርጡት ትምህርቱ ከብዷቸው ብቻ አልነበረም። ጥር ላይ ሰርግ፣ ክረምት ላይ ዝናብና የታክሲ ወረፋ፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ሕመም፤ ሁለት ሳምንት የቀረ ሰው ሦስተኛው ላይ ለመመለስ ያፍራል። አንቺ ሁለት ሳምንት ብትቀሪም ተመለሺ። አስተማሪ ሆኜ የማውቀውን ልንገርሽ፤ ተመልሶ የመጣን ተማሪ ማየት ከምንም በላይ ደስ ይለን ነበር።

ከ8 እስከ 11፡30 ያለችው ሦስት ሰዓት ተኩል ግን ሀብትሽ ናት። ከካፌሽ በእግር አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ነው። ሁለቱን ሰዓት እዚያ አሳልፊ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የፊዚክስና የሒሳብ መጻሕፍትሽን ይዘሽ ግቢ፤ ወርክሾፕ ውስጥ ማታ የነካሽውን ቀን ላይ በቀመር እዪው። አንድ ደረጃ ጨርሰሽ ሲኦሲውን ካለፍሽ በኋላ ፍላጎቱ ካለሽ በግል ተፈታኝነት የ12ኛውን ፈተና ድጋሚ ልትቀመጪ ትችያለሽ። ኮምፒውተሩ ላይ መቀጠል ከፈለግሽም በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል። ለዚያ ገንዘብ አትክፈዪ፣ ዘንድሮም አትጀምሪው። ዘንድሮ አንድ ነገር ጀምረሽ ትጨርሻለሽ።

ከእቁቡ ገንዘብ ትንሽ ከፍለሽ የራስሽ መልቲሜትር፣ ቴስተር፣ እጀታው የተሸፈነ ፒንሳና ሁለት ዓይነት ካቻቢቴ ግዢ። የምትገዢውን ግን አሠልጣኝሽን ካማከርሽ በኋላ ነው። ለስድስት ወር የሚሆን የታክሲ ገንዘብ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ብዙ ሰው ክፍያውን ያስብና መንገዱን ይረሳል። የቀረውን ባንክ አስገቢው፣ ሌላ ሰርተፊኬት ደግሞ አትግዢበት።

ሰኞ ከሥራ ስትወጪ ሜክሲኮ ሂጂና ሬጂስትራሩ ያለሽን ጻፊልኝ፤ ስንተኛ ደረጃ እንደፈቀዱልሽ፣ ማታው ይኑር አይኑር። ማታ ከሌለ ካፌው ፈረቃ እንዲቀይርልሽ እንዴት እንደምትጠይቂ አብረን እናስባለን። እስከዚያ ድረስ ጎረቤት ምጣድ ይዛ ብትመጣ፣ ሶኬቱን ንቀዪ፣ ብሬከሩን አውርጂ፣ በቴስተር አረጋግጪ፤ ቆርቆሮውን የምትከፍቺው ከዚያ በኋላ ነው።